ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ

እኔ ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ «ታድለሽ! ቀኑን ሙሉ ስታነቢ ነዋ የምትውይው!» ኧረ በፍጹም። የምውለው የተመለሱ መጻሕፍትን ወደ ቦታቸው እየመለስኩ፣ ወረቀት የያዘበትን ማተሚያ እየጎረጎርኩ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ሽንት ቤቱን እየጠቆምኩ ነው። የማነበው እንደማንም ሰው ማታ አልጋዬ ላይ ነው። ያውም እንቅልፍ ካልቀደመኝ።

ግን በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ አንድ ሰው ወደ ባንኮኒው ጠጋ ይላል። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ብድር ሊጠይቀኝ የመጣ ነው የሚመስለው። ከዚያ «እስቲ ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ» ይላል።

ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። የሚከብደኝም ይሄው ነው። ጣጣው ያለው «ጥሩ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ለማን ነው ጥሩ? መቼ የሚነበብ? ሰውየው ዛሬ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው ወይስ ነገ ረጅም መንገድ አለበት?

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይሄ ሁሉ አይገባኝም ነበር። አንዲት ሴት መጣችና ይህንኑ ጠየቀችኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ሮጥ ብዬ ሄጄ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን፣ ሦስቴ ያነበብኩትን፣ ጡብ የሚያህል ልብ ወለድ አምጥቼ ሰጠኋት። «ይሄን ሳታነቢ እንዳትሞቺ!» ብያታለሁ እኮ፤ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰችው። «እንዴት ነበር?» አልኳት ዓይኔን አፍጥጬ። «ጥሩ ነው» አለች ሌላ ሌላውን እያየች። ከሄደች በኋላ ስገልጠው የአውቶቡስ ትኬቷ ገጽ 41 ላይ እንደተሸጎጠ ነው። ኩም አልኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስትመጣ እኔ ያለሁበትን ባንኮኒ ዞራ ነበር የምታልፈው። ደግሞ ሌላ ጡብ እንዳላሸክማት ፈርታ መሆን አለበት።

አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር። ለራሴ የምመርጠውን ነው ያሸከምኳት።

አሁን ወደ መደርደሪያው ከመንቀሳቀሴ በፊት አፌን እይዛለሁ። «በቅርቡ ካነበብሽው ውስጥ የወደድሽውን እስቲ ንገሪኝ» እላለሁ። ከዚያ መስማት ነው። ሰው ስለሚወደው መጽሐፍ ሲያወራ እንደ ሐያሲ አያወራም። «ጀመርኩት፣ ነጋ» ይላል አንዱ። ይሄ ሰው የታሪኩ ሩጫ ነው የያዘው። «ልጅቷ አንጀቴን በላችው» ትላለች ሌላዋ፤ እሷን የያዛት ገጸ ባሕርይዋ ናት። «እዚያ አገር ሄጄ የመጣሁ ነው የመሰለኝ» ካለ መቼቱ ነው። «አንዱን አረፍተ ነገር እየተመላለስኩ አነበብኩት» ካለ ደግሞ ቋንቋው።

ይህ አከፋፈል የእኔ አይደለም። ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አለች። መጽሐፍ ውስጥ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፤ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ቋንቋ። ሁሉም መጽሐፍ አራቱም በር አለው፣ ግን አንዱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። እኔ ይህን ሳነብ ነው ብዙ ነገር የተገለጠልኝ። ለምሳሌ አንድን የወንጀል ልብ ወለድ ሁለት ሰዎች እኩል ሊወዱት ይችላሉ። አንደኛው ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ እየተጣደፈ ነው ያነበበው። ሁለተኛዋ ግን ገዳዩ ማንም ይሁን ግድ አልሰጣትም፤ እሷ የወደደችው በረዶ የዋጠውን የከተማውን ዝምታና መርማሪው ቤቱ ገብቶ ብቻውን የሚቀመጥበትን ምሽት ነው። ለሁለቱም «ሌላ የወንጀል ልብ ወለድ እንካችሁ» ብል አንዳቸውን በእርግጠኝነት አሳዝናለሁ። ለእሷ ምናልባት ወንጀል የሚባል ነገር የሌለበት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ መጽሐፍ ይሻላት ይሆናል።

የመጻሕፍቱ መዝገብ፣ ካታሎጉስ? ካታሎጉ ጎበዝ ነው፣ ግን በሌላ ነገር። መልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው አመዳደብ እውቀትን ሁሉ በ10 ዋና ዋና ክፍሎች ይከፍልና ለየመጽሐፉ እንደ ርዕሰ ጉዳዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለ ንብ ማነብ ፈልግ ብትለው ቀጥ አድርጎ ይወስድሃል። ቁጥሩ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ነው የሚናገረው። እንዴት እንደሆነ አይነግርህም። ልብ ወለድ ላይ ሲደርስማ ብዙ ላይብረሪዎች ቁጥሩን ትተው በደራሲው ስም ነው የሚደረድሩት። ስለዚህ «የሚያስቅ ሆኖ ግን ትንሽ የሚያሳዝን፣ አጠር ያለ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ካታሎጉ ዝም ነው። እዚያ ጋ ነው የኛ ሥራ የሚጀምረው።

ደግሞ የዲዊ ቁጥር በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ሳሙኤል ግሪን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ሰው ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ነገሩ ባጭሩ፣ ባለሱቅ ደንበኛው ባዶ እጁን ሲወጣ እንደሚከፋው ሁሉ አንተም ጠያቂህ መልስ ሳያገኝ ሲወጣ ሊከፋህ ይገባል ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ባዶ እጁን ሲወጣ ይከፋኛል። ቢሆንም ጡብ አሸክሞ ከመስደድ ባዶ እጁን ቢወጣ ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከምጠቁማቸው መጻሕፍት አብዛኛውን አላነበብኩትም። እንዴት ብዬ! ሁሉንም ላንብብ ብል ዕድሜዬ አይበቃም። ግን ያላነበብኩትን አነበብኩ አልልም። «እኔ አላነበብኩትም፣ ያነበቡት ግን ቀስ ይላል፣ መጨረሻው ይክሳል ይላሉ» እላለሁ። አዲስ የገቡትን ደግሞ አሥር ደቂቃ ሰጥቼ አገላብጣቸዋለሁ። መጀመሪያውን፣ መሐል ላይ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ገደማ። አንቀጾቹ ረጃጅም ናቸው? ንግግር ይበዛዋል? ስንት ሰው ነው የሚያወራው? ይሄን ያህል ካወቅኩ ለማን እንደሚሆን መገመት አያቅተኝም።

ሌላው፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ አልሰጥም። ሦስት አወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ። አንድ ከሰጠኸው ሰው ይሉኝታ ይይዘውና ባይፈልገውም ይወስደዋል። ሦስት ሲሆን ግን ሁለቱን መተው ነውር አይሆንበትም፤ ሦስቱንም ትቶ ቢሄድ እንኳ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የለ።

«አልወደድኩትም» ብሎ የሚመልስልኝን ሰውማ አቅፌ ብስመው ደስ ይለኛል። «ጥሩ ነው» ምንም አያስተምረኝም። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ራሱን ብቻ ነው የሚያዳምጠው፣ ሰለቸኝ» ስትለኝ ግን ቀጣዩ ምን መሆን እንዳለበት ገባኝ ማለት ነው። ያልወደዱትን እስከ መጨረሻው የሚጨርሱ ሰዎችም ያሳዝኑኛል። ለእነሱ ያቺው ናንሲ ፐርል ሕግ አላት፤ 50 ገጽ አንብብ፣ ካልያዘህ ተወው። ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ደግሞ ዕድሜህን ከ100 ቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ አንብብ። አንድ ቀን ለአንድ ደንበኛችን ይህን ነገርኳቸው። «እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው አባት?» «ሰባ ስምንት።» «እንግዲያው 22 ገጽ ካነበቡ ይበቃዎታል።» ትንሽ አሰቡና «22ም ይበዛል» አሉኝ። መቶ ሲሞላዎት በሽፋኑ ብቻ የመፍረድ መብት ያገኛሉ ስላቸው ሳቁ፤ እውነትም የሕጉ መጨረሻ እንደዚያ ነው።

ህንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተማቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች አሉ። ሰውየው መጀመሪያ የሒሳብ መምህር ነበር፣ አጻጻፉም እንደ ሒሳብ እጥር ምጥን ያለ ነው። ሁለተኛው ሕግ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ ይላል። ሦስተኛው ይገለብጠዋል፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው። እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው። ምክንያቱም ታችኛው መደርደሪያ ላይ የተጣሉትን አውቃቸዋለሁ። ታች ያለ መጽሐፍ ካላጎነበስክ አይታይም። ካልታየ አይወሰድም። ለዓመታት ካልተወሰደ ደግሞ ቦታ ለማስለቀቅ ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ እንዲህ ያለውን አወጣና ፊቱን ወደ ሰው አዙሬ ከላይ አቆመዋለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም። ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ይሄዳል።

ወረቀት የምንለጥፍበትም አለ፣ ከሠራተኞች የተጠቆመ የሚል። እኔ ስጽፍ አበዛለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን አንዱ መጽሐፍ ላይ «የመጀመሪያው ምዕራፍ ይደብራል። ዝለሉት።» ብሎ ለጠፈ። ያ መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ መደርደሪያ ላይ አድሮ አያውቅም። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ስለ መጽሐፍ ብቻ አወራሁ እንጂ ፊልሙም፣ ዘጋቢ ፊልሙም፣ በድምፅ የተተረከውም በኛ በኩል ነው የሚያልፈው። በተለይ በድምፅ ያለውን «ይሄ ማንበብ አይባልም» የሚሉ አሉ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ሾፌር ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው ይህን ሂዱና ንገሩት። እዚያ ላይ ግን የምጠይቀው ጥያቄ ይቀየራል። የተራኪው ድምፅ ይበልጣል፤ ደህናውን መጽሐፍ ገደል የሚከት ተራኪ አለ። ደግሞ ስም የሚያበዛ፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት የሚዘል ታሪክ ለጆሮ አይመችም፤ ሰው እየነዳ ሳለ ገልጦ «ይሄ ማን ነበር?» ማለት አይችልማ። ፊልም ወድዶ የመጣን ሰው ደግሞ ያንኑ አራት በር እጠይቀዋለሁ፣ ይሠራል።

ማሽኑ አይሻልም ወይ ይሉኛል ልጆች። «ይህን የወደዱ ይህንንም ወደዋል» የሚለውን ማለታቸው ነው። በአንድ ነገር ይበልጠናል፤ አይረሳም። ችግሩም ያው አለመርሳቱ ነው። ለወንድምህ ልጅ አንዴ የዳይኖሰር መጽሐፍ ብትገዛ ለወራት ዳይኖሰር ያሳድድሃል። እናቷ ሆስፒታል የሞተችባት ሴት ሆስፒታል ያለበትን ታሪክ ለጊዜው ማየት እንደማትፈልግ አያውቅም፣ ስላልነገረችው። ለእኔም አትነግረኝ ይሆናል። ግን አንዱን አንስታ ጀርባውን አንብባ ፈጠን ብላ ስታስቀምጠው አያለሁ። ምንም ሳልል ሌላ አመጣለሁ።

የማልጠይቅበት ጊዜም አለ። ስለ ፍቺ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ሱስ መጽሐፍ በሹክሹክታ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «የወደድከውን ንገረኝ» ዓይነት ወሬ አያስፈልግም። መደርደሪያው ጋ አደርሰዋለሁ፣ እመለሳለሁ።

እኛ ጋ ደግሞ መጽሐፉ ሲመለስ ማን እንደወሰደው ከሲስተሙ ይጠፋል። ብዙ ላይብረሪዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ያነበብከው የግልህ ነው። ጣጣው ግን አንዳንድ አንባቢዎች ራሳቸውም ይረሱታል። «ልጄ፣ ይሄን አንብቤዋለሁ እንዴ?» ይሉኛል። ምን አውቄ! ስለዚህ አንዳንድ እናቶች የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። የአንዷ ክብ ነው፣ የአንዷ መስቀል፣ የአንዷ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፣ ላጲስም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንስቼው አላውቅም።

ያቺ ባንኮኒ ዞራ የምታልፈዋ ሴትዮ ባለፈው ሳምንት ድንገት ፊቴ ቆመች። ስንት ዓመት አልፎ! «ያኔ የሰጠሽኝን እኮ አልጨረስኩትም» አለችኝ። «አውቃለሁ፣ ትኬትሽን ረስተሽው ነበር» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ከቦርሳዋ የራሷን መጽሐፍ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ይሄን አንብቢ፣ ለአንቺ ነው የተጻፈው የሚመስለው!» ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

ወሰድኩት። አሁን ገጽ 38 ላይ ነኝ። አልያዘኝም። በናንሲ ፐርል ሕግ 12 ገጽ ይቀረኛል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ማክሰኞ ትመጣለች።