የዳኮታን ዘመን ታሪክ ለመሰብሰብ የሄድኩበት መንገድ

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ አጀማመር የተጻፉ ጽሑፎች መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገውን በረራ ሳያነሱ አያልፉም። እኔን የሳበኝ ግን የአገር ውስጡ ጉዞ ነበር። ከአሜሪካ ጦር የተረፉ አምስት ዳኮታ (ሲ-47) የሚባሉ አውሮፕላኖች የነበሩት አንድ ትንሽ ኩባንያ፣ በክረምት ጭቃ ከመሀል አገር ተቆርጠው የሚከርሙትን ጅማን፣ ጎሬን፣ ደምቢዶሎንና ጋምቤላን ከልደታ ሜዳ ጋር እንዴት አገናኘ?

መጀመሪያ የገጠመኝ የቀን ጣጣ ነው። ኩባንያው የተመሠረተበት ቀን በአንዳንድ ጽሑፍ ዲሴምበር 21፣ በሌላው ዲሴምበር 30 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይገኛል። ሁለተኛውን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ታኅሣሥ 21 ቀን 1938 ዓ.ም. ሆነ! አንድ ጸሐፊ ቀኑን ከእኛ፣ ወሩን ከፈረንጅ ወስዶ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ግምቴ ግን ግምት ነው። ከዚያ ወዲህ የማገኘውን ቀን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ያገኘሁበትን ቦታ ጨምሬ እመዘግባለሁ። ይህን ያላደረገ ሰው የዘጠኝ ቀን ስሕተት ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

ከዚያ ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) እና ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመላለስኩ። የድሮው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ማን እንደተሳፈረና ማን እንደተቀበለው በደንብ ይናገራል፤ መኳንንቱ በማን ትከሻ ላይ ተደግፈው እንደወረዱ ሳይቀር። ከኋላቸው የተጫነውን ጆንያ ግን አይነግረንም። ለዚያ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።

አረጋውያንን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። «ከኢዮቤልዩ (ከንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል) በፊት ነው በኋላ?» ወይም «የታኅሣሥ ግርግር (የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ) ደርሶ ነበር?» ስል ግን ነገሩ ወዲያው ቦታ ቦታውን ይይዛል። ሌላው ትምህርት ከአንድ የቀድሞ ጫኝ የመጣ ነው። ስለ አሜሪካውያኑ አብራሪዎች ደጋግሜ ስጠይቃቸው ታከቱ። «ልጄ፣ እነሱማ መጡ ሄዱ። ስለ ቡናው አትጠይቀኝም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የደቡብ ምዕራቡን በረራ በእግሩ ያቆመው ቡናና ቆዳ ነበር። ቡናው በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሮ ወንዝ ወይም ወደ ጅማ ለመድረስ ብዙ ቀን ይፈጅበታል፤ በአየር ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ይገባል። አውሮፕላኑም ለወታደር የተሠራ ስለነበረ ወንበሩ በግራና በቀኝ ግድግዳ የተደረደረ ታጣፊ አግዳሚ ነው፤ አጥፈው ሲያስጠጉት መሀሉ ለጭነት ይሆናል። ተሳፋሪ ከጆንያ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ይሄድ ነበር።

ስለ ጭነት መጠየቅ ስለ ሚዛን መጠየቅን አመጣ፤ ያልጠበቅሁት ሀብት እዚያ ነበር። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። በቆላ ደግሞ ሙቀቱ ያንኑ ያደርጋል። ሜዳው ሣር ሆኖ ዝናብ ከጠጣበት፣ ከጭነቱ መቀነስ ግድ ነው። ስለዚህ የትኛው ነጋዴ ጆንያ እንደሚቀር የሚወስነው ሚዛን ላይ የቆመው ሠራተኛ ነበር። በከተማው የነበረውን ክብር መገመት አያዳግትም! የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 እ.ኤ.አ. ዳኮታን በአዛዥነት ማብረራቸው በየቦታው ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ሣር ያጨደውን፣ ከብት ከሜዳው ያባረረውን፣ ጭነት የመዘነውን የጻፈ ግን አላገኘሁም። እኔ ብመርጥ ቃለ መጠይቅ የምጀምረው ከእነዚህ ነው።

ፎቶግራፍ ለምትሰበስቡ አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላው የተጻፈውን ቀን ብቻ አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከዓመታት በኋላ በቤተሰብ እጅ ነው። የአውሮፕላኑን መለያ እዩ። በቀድሞዎቹ ላይ «ኢቲ-ቲ» (ET-T) ከሚለው ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ቀርቶ በፊደላት ተተክቷል። ጅራቱ በፍሬሙ ከተቆረጠ መለያው በክንፉ ላይም ስለሚጻፍ በአጉሊ መነጽር ፈልጉት።