የታብሌቱ ዋጋ ትንሹ ወጪ ነው

«ዲጂታል ጤና ወጪ ይቀንሳል» ይባላል። ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ወጪው በትክክል ይቆጠር።

በጅማ ዞን ጤና ኬላዎች እናቶችን በታብሌት የሚመዘግብና የቅድመ ወሊድ ቀጠሮ በኤስኤምኤስ የሚያስታውስ አሠራር ሊገመገም ነው እንበል። ብሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ታብሌት 20,000 ብር ቢገዛና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ ብዙዎች ለ3 አካፍለው 6,667 ይላሉ። በ3 በመቶ ዲስካውንት (የነገ ብር ከዛሬ ብር ያንሳል በሚል በየዓመቱ በሚደረግ ቅናሽ) ሲሰላ ግን አካፋዩ በ3 ፈንታ 2.829 ነው፤ የዓመቱ ወጪ 7,070 ብር ገደማ ይወጣል። ይህ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው «3 ዓመት» የሚለው ግምት ነው፤ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ወይም ባትሪው ሞቶ በ2 ዓመት ከተጣለ ወጪው ከ10,400 ብር ያልፋል።

ከዚህ የሚከብደው የባለሙያዋ ጊዜ ነው። የወረቀት ምዝገባው ሳይቆም ታብሌት ከተጨመረ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንዲትን እናት ሁለቴ ትመዘግባለች፦ አንዴ በወረቀቱ የቤተሰብ ማህደር፣ አንዴ በታብሌት። በአንድ ሰው 6 ደቂቃ ቢጨምር፣ በ10 ሰው 1 ሰዓት ሄደ። ይህን በመጠይቅ ማወቅ አይቻልም፤ ሰዓት ይዞ አጠገቧ መቀመጥ ያስፈልጋል። በተቃራኒው «ጊዜ ቆጠብን» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ የተረፈው ሰዓት ለቤት ለቤት ጉብኝት ካልዋለ ወደ ብር ለውጦ ጥቅም ላይ መደመር ማጋነን ነው።

ሌላው ስህተት ማካፈሉ ላይ ነው። አሠራሩ በዓመት 900,000 ብር ተጨማሪ ወጪ ቢጠይቅና ክትትል የጨረሱ እናቶች 2,000 ቢሆኑ፣ «በእናት 450 ብር» ተብሎ ይጻፋል። ከ2,000ዎቹ 1,700ዎቹ ያለ ታብሌቱም ይጨርሱ ከነበረ ግን ተጨማሪዎቹ 300 ብቻ ናቸው፤ እውነተኛው ቁጥር በእናት 3,000 ብር ነው።

እነዚያ 1,700 እንዴት ይታወቃሉ? «በፊትና በኋላ» ማነጻጸር እዚህ አካባቢ በተለይ ያታልላል። መነሻው መረጃ በኅዳር፣ የቡና ለቀማው ሲጧጧፍ ከተሰበሰበና ውጤቱ በየካቲት ከተለካ፣ ከለቀማ ያረፈችው እናት መምጣቷ ለመተግበሪያው ይቆጠርለታል። ስለዚህ ወይ ከዓምናው ተመሳሳይ ወር ጋር፣ ወይ አሠራሩ ካልገባበት ቡና አብቃይ ወረዳ ጋር ይነጻጸር። የተላከ ኤስኤምኤስም እንደደረሰ አይቆጠር፤ ስልኩ በባል ኪስ ሊሆን ይችላል፣ አፋን ኦሮሞ ለምታነብ እናት በአማርኛ የተላከ መልእክትም ብሩን በልቶ ይቀራል።

በመጨረሻ ግምቶቹን አንድ በአንድ ዝቅና ከፍ አድርጎ መፈተን የግድ ነው። ከሁሉ በፊት የምንዛሪው ይፈተን፦ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ በዶላር የሚገዛው ታብሌትና ሰርቨር ዋጋው ሲዘል የባለሙያዋ ደመወዝ አብሮ አይዘልም። የድሮውን ምንዛሪ ይዞ የተሠራ ስሌት ለዘንድሮ በጀት አይሆንም።