በርሊን፣ አራተኛ ፎቅ፣ በጋቢ

በክረምት ወራት ጀርመን ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ካለ ይህን ያንብብልኝ። ከመሄዴ በፊት ስለ ብርዱ ያልነገረኝ ሰው የለም። ስለ በሩ የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የቪዛውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ታናሽ እህቴ የግብዣና የኃላፊነት ወረቀቷን ላከች፣ እኔ የ90 ዩሮውን ክፍያ ፈጸምኩ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ገዛሁ፣ ቀጠሮ ጠበቅኩ፣ አገኘሁ። ገናን ከልጆቼ ጋር በልቼ በሳምንቱ ከቦሌ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ አራት ሰዓት ገደማ በባቡር በርሊን ገባሁ። ቆይታዬ ስድስት ሳምንት ነበር።

ስለ ልብስም ብዙ አልልም። ሁሉም ሰው «ካፖርት፣ ካፖርት» ይላል። እኔ ደግሞ ጫማ እላለሁ። ካፖርት የዘመድ ተውሶ ይለበሳል፣ ጫማ ግን የሰው አይሆንም። በርሊን ውስጥ ነዋሪው በደጁ በረዶ ላይ ጨው እንዲበትን አይፈቀድለትም፤ ዛፉን ይጎዳል ብለው ነው። የሚበተነው ደቃቅ ጠጠር ነው፣ እሱም በማግሥቱ በረዶው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። በሁለተኛው ቀን ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ገና አልፎ ከየቤቱ ተወርውሮ የተከመረ የጥድ ዛፍ አጠገብ፣ እንደ ጆንያ ዘፍ አልኩ። አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ናት ያነሳችኝ። ሶሉ ለስላሳ የሆነና ጥርስ ያለው ጫማ እዚያው ግዙ፣ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ አትሂዱ።

ጨለማውም ይለመዳል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ፀሐይዋ የለችም። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ መግዛት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም መያዣ ስላለው አይጣልም፣ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ከቶ ደረሰኙን ወስዶ ገንዘቡን መቀበል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ተማርኩ፣ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ኩራቴ ነው መሰለኝ ያስጠቃኝ።

እህቴ ነርስ ናት፣ ያን ሰሞን የሌሊት ተረኛ ነበረች። ማታ ሦስት ሰዓት ትወጣለች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ትመለሳለች። የመጀመሪያው ምሽት ላይ የቤቱን ደንብ በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችልኝ። ሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ አምስት ደቂቃ ቤቱን ማናፈስ። ሽቶስሉፍተን ይሉታል፣ ውጭው የቱንም ያህል ቢበርድ አይቀርም፣ ካልተናፈሰ ግድግዳው ይሻግታል፣ አከራይ ይቆጣል። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ መለየት፤ ወረቀቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊው ለብቻ፣ የቀረው ለብቻ። ሦስተኛ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው፤ ጎረቤት አይረበሽም።

እኔ ሃያ ሰባት ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ደንብ ሲነገረኝ እከተላለሁ። ሦስቱንም ነጥብ በአንድ ጊዜ ሳከብር ነው የተዋረድኩት።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ውጭው ከዜሮ በታች ዘጠኝ። ከመተኛቴ በፊት የመኝታ ቤቱንና የሳሎኑን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩ። አምስት ደቂቃው እስኪሞላ ለምን ሥራ እፈታለሁ ብዬ የምግብ ትርፍራፊውን ከረጢት አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ወደ ታች ለመውረድ እንኳ አላሰብኩም፣ ጠዋት ስወርድ እንዳልረሳው ደጁ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ቨርጂኒያ ካለው ያክስቴ ልጅ ጋር እያወራሁ ነበር። የለበስኩት የሌሊት ሱሪ፣ ጋቢና ነጠላ ጫማ ነው። አንድ እግሬ ደጅ፣ አንድ እግሬ ቤት ነበር። ጎንበስ ስል ሁለተኛው እግሬም ወጣ። ከመስኮቱ የገባው ነፋስ በሩን ይዞት ሄደ። ድርግም!

የበርሊን የቤት በር ከውጭ እጀታ የለውም። ያለው የማይዞር፣ የማይገፋ፣ ለጌጥ የተቀመጠ የሚመስል ድቡልቡል ነገር ነው። በሩን ባትቆልፈውም አንዴ ከተዘጋ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መስኮቶቹ ተከፍተዋል። ማሞቂያው ይሠራል። ከረጢቱ እጄ ላይ ነው።

ትንሽ ቆይቶ የደረጃው መብራት ጠፋ። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ በሁለት ሦስት ደቂቃ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ማብሪያውን በዳበሳ ስፈልግ እጄ አንድ ቁልፍ ላይ አረፈ፣ ልጫነው ስል ደነገጥኩ። የማብሪያውም የጎረቤት ደወልም ቁልፍ መጠኑ አንድ ነው፣ የተሰኩበትም ቦታ ጎን ለጎን። ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ሴትዮ ይኖራሉ። በሰላምታ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ነጥብ ሦስት ትዝ አለኝ። እጄን ሰብስቤ ጨለማው ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያቺን ደወል ብጫን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እህቴ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። በሥራ ሰዓት ስልኳ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው። የምትሠራበትን ክፍል ስልክ አልያዝኩም። ያክስቴ ልጅ በጆሮዬ «ምን ችግር አለ፣ ቁልፍ ከፋች ጥራ፤ እዚህ ሃያ ደቂቃ ነው» አለኝ። «እዚህ» የሚለው ቨርጂኒያን ነው። የሰው አገር ምክር የሰው አገር ነው፣ እኔ ግን የስልኬ ባትሪ 14 ከመቶ ደርሶ ስለነበር ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ መጀመሪያ የወጣውን ቁጥር ደወልኩ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነበር፣ «ከ39 ዩሮ ጀምሮ» ይላል። «ጀምሮ» የምትለዋን ቃል በአማርኛም በጀርመንኛም ከዚያ ቀን በኋላ እፈራታለሁ።

በእንግሊዝኛ ተግባባን። ሃያ ደቂቃ አለኝ። ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን፣ ማለትም ከሰዓት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ወጣት ሻንጣ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ጋቢዬን አየና ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩለት፣ ነፍሴን ያዳነ መስሎኝ። አንድ ወረቀት አውጥቶ «እዚህ ላይ ፈርም» አለኝ። በስልኩ መብራት ፈረምኩ። ዋጋ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። የተማሪ ፎርም ባዶ ቦታ ካለው ሃያ ሰባት ዓመት ስመልስ የኖርኩ ሰው!

በሩን አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አድርጎ «ከባድ ቁልፍ ነው፣ መሰርሰር አለበት» አለ። ከዚያ ድሪሉን ሰካ። እኔ ደወል እንዳልነካ እጄን ሰብስቤ የተቀመጥኩበት ደረጃ ላይ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል የድሪል ጩኸት ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት አስተጋባ። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ወጥቶ ጮኸ። የፊት ለፊቷ ሴትዮ በራቸውን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ፣ ልጁ ቆጣ ብሎ መለሰላቸው፣ ዘጉት።

በሩ ተከፈተ። ቤቱ ማቀዝቀዣ ሆኗል። መስኮቶቹን ስዘጋ ልጁ አዲስ የቁልፍ ሲሊንደር ገጥሞ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሒሳቡን ጻፈ። መምጫ 59፣ መክፈቻ 149፣ የሌሊት ጭማሪ ሌላ 149፣ ሲሊንደር 136፣ በዚያ ላይ 19 ከመቶ ታክስ። ድምር 586 ዩሮ ከ67 ሳንቲም። ወደ ብር ልቀይረው ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

«39 ነበር የተባልኩት» አልኩ። «ጀምሮ» አለኝ። ነገ እህቴ ስትመጣ ትክፈል አልኩ። አሁን ነው አለ፣ በጥሬ ገንዘብ፤ ከሌለኝ ባንክ ማሽን ድረስ በመኪናው ይወስደኛል። ደጃፉ ላይ ቆመ፣ አልወጣ አለ። አልጮኸብኝም፣ አልነካኝም። ዝም ብሎ ቆመ። እኔም ለስድስት ሳምንት ብዬ ከያዝኩት ላይ ቆጥሬ ሰጠሁት። ለፖሊስ 110 መደወል እንደምችል አውቅ ነበር። ግን የጎብኚ ቪዛ የያዘ ሰው ሌሊት ፖሊስ ሲጠራ ምን እንደሚሰማው የጎብኚ ቪዛ ይዞ ያላደረ አያውቀውም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳል። እህቴ ናት፣ ቁልፏ አልገባ ብሏታል። ሌባ ገብቶ ቁልፍ የለወጠ መስሏት እጇ ይንቀጠቀጣል። ነገሩን ስነግራት የተናገረችውን መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እስክሞት አልረሳውም፦

«ጋሼ፣ ሴትዮዋን ለምን አላንኳኳህም? ትርፍ ቁልፌ እሳቸው ጋ ነው እኮ!»

ነግሬሃለሁ ትላለች። አልነገረችኝም። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ፣ ሦስት ነጥብ ነው ያለው፣ ስለ ትርፍ ቁልፍ አንድም ቃል የለበትም። እስከ ዛሬ ተከራክረን አልተግባባንም።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። የሕንፃው ቁልፎች በአንድ ሥርዓት የተያያዙ ነበሩ፣ የእህቴ ቁልፍ የታችኛውንም የግቢ በር የራሷንም ቤት ይከፍት ነበር። አዲሱ ሲሊንደር ከዚያ ሥርዓት ውጭ ስለሆነ አስተዳደሩ በደብዳቤ እንደ ቀድሞው እንዲመለስ አዘዘ። ሌላ 120 ዩሮ። ይህን የሠሩት ቬዲንግ በሚባለው የበርሊን ክፍል፣ ሰፈሯ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ቱርክ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ እህቴን ከነቁልፏ ደጅ አቁመው በሩን ዘጉት፣ ከኪሳቸው አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ አውጥተው በበሩና በመቃኑ መካከል ሽቅብ ሳቡት፣ የቁልፉ ምላስ ገባ፣ በሩ ተከፈተ። ድሪል የለ፣ ጭረት የለ። ያልተቆለፈ፣ ዝም ብሎ የተዘጋ በር እንዲህ ነው የሚከፈተው። ዋጋቸውን ስጠይቅ ለማሳየት አያስከፍሉም።

ደረሰኙ ላይ ያለው አድራሻ ሌላ ከተማ ነው። እህቴ የላከችው ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። እዚያ ዜጋን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚመክሩ የሸማቾች ማዕከላት አሉ። ምክራቸው ግልጽ ነው፦ ዋጋውን በስልክ ቁርጥ አድርገህ ተስማማ፣ ከተስማማኸው በላይ እዚያው አትክፈል፣ ቀሪውን በሒሳብ ደብዳቤ ይላክልኝ በል፣ ካስፈራራህ 110 ደውል። ሕጋቸውም የሰውን ችግር ተጠቅሞ ከመጠን ያለፈ ዋጋ ማስከፈልን ወንጀል አድርጎታል። ትክክል ነው። ግን ምክሩን የጻፈው ሰው ጫማ አድርጎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው።

የእኔ ምክር ከእነሱ ይቀድማል። ቁልፉን በገባችሁ በመጀመሪያዋ ሰዓት በገመድ አስራችሁ አንገታችሁ ላይ አድርጉት፣ ስትተኙም ቢሆን። ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ሻይ ሳትቀምሱ ጠይቁ። የሰፈሩን ቁልፍ ሠሪ ቀን በብርሃን ሱቁን አይታችሁ ቁጥሩን ያዙ፣ በስልክም «በሩ ተዘጋ እንጂ አልተቆለፈም» በሉት፤ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ መቶ ዩሮ ታወጣለች። ድሪል ካወጣ አስቁሙት። የጸጥታ ሰዓት የሚባለውም ለሙዚቃና ለድሪል እንጂ ደጅ ለቀረ ሰው አይደለም፤ አንኳኩ፣ ስድስት ሰዓትም ቢሆን አንኳኩ።

ስለ ማናፈሱም፣ ባለሙያዎቹ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መተው ሙቀት ያባክናል ይላሉ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ገርበብ አድርጌ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማናፍሰው። እህቴ ስለ ሻጋታው ታጉረመርማለች።

ሴትዮዋን ይቅርታ ለመጠየቅ ቡና ልጋብዛቸው ብዬ ስቆላ የጣሪያው ጭስ ጠቋሚ ጮኸ፣ እሳቸው ቁልፋቸውን ይዘው ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ሁለት ሲኒ ጠጡ።

የመመለሻዬ ቀን ፍራንክፈርት ላይ ፍተሻው ውስጥ ሳልፍ ማሽኑ ጮኸ። ቀበቶ አወለቅኩ፣ ሰዓት አወለቅኩ፣ አሁንም ጮኸ። ፈታሹ በጓንቱ አንገቴን ነካ አደረገና ከማተቤ ጎን ያለውን ገመድ ሳብ አደረገው። የእህቴ ቁልፍ። አሁን አዲስ አበባ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ወደ በርሊን የሚሄድ መንገደኛ እየፈለግኩ ነው።