20 አሚኖ አሲድና አንድ የፍሪዘር ቁልፍ

ቅርጽ የለሽ ፕሮቲን፣ ማለትም ቋሚ ቅርጽ ይዞ የማይታጠፍ ፕሮቲን፣ ላይ ለምትሠሩ ነው የምጽፈው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

የእኔ ፕሮቲን አልፋ-ሲኑክሊን ነበር፤ ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ስሙ የሚነሳው። ባክቴሪያ ውስጥ አመረትኩ፣ አጣራሁ፣ የፕሮቲንን ቅርጽ በብርሃን ለሚያሳየው ለሰርኩላር ዳይክሮይዝም ልኬት ወደ ውጭ ላክሁ። ስፔክትረሙ 200 ናኖሜትር አካባቢ ወደ ታች ዘልቆ መጣ፤ ቅርጽ የለሽነት የሚታወቅበት ምልክት ነው። ያን ዕለት ደብረ ማርቆስ ጠጅ ቤት አመሸን።

ከዚያ ለመጽሔት የላክነውን ጽሑፍ የሚያየው ገምጋሚ አንድ ጥያቄ ላከ፦ «የለካችሁት ፕሮቲን ስንት አሚኖ አሲድ ነው?»

140 ልል ስል እጄ ቆመ። 140 የተፈጥሮው ነው። የእኔ ፕላዝሚድ (ባክቴሪያው ፕሮቲኑን የሚሠራበት ዲኤንኤ) ግን ፕሮቲኑ መነሻ ላይ ታግ የሚባል የ20 አሚኖ አሲድ ቅጥያ ይቀጥልበታል፤ ለማጣሪያ የሚሆኑት 6 ሂስቲዲኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። ትሮምቢን በሚባለው ቆራጭ ኢንዛይም ከተቆረጠ ከቅጥያው 3 ይተርፋል። እንግዲህ ወይ 143 ነው ወይ 160። ደብተሬ ምን ይላል? «2ኛ ዙር፣ ጥሩ ነው»። ጥሩ ነው! ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር።

የተረፈው ናሙና ፍሪዘር ውስጥ ነው። ቁልፉ ንብረት ክፍል ባሉት አባት እጅ ነው። እሳቸው ለቅሶ ደጀን ወርደዋል። ሲመለሱ «ደብዳቤ አምጣ ልጄ» አሉኝ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማህተም የያዘችው ፈቃድ ላይ ናት። ማህተሙ ተመታ፤ «ቁጥርና ቀን የለውም» ተብሎ ተመለሰ። በመካከሉ መብራት ስንቴ እንደጠፋ አትጠይቁኝ። ሲከፈት በረዶው ቀልጦ እንደገና ጠጥሯል፣ የእስክሪብቶው ጽሑፍ ፈስሷል። የሚነበበው አንድ ቱቦ ብቻ ነው።

ፕሮቲንን በክብደት የሚለየው ጄል ላይ ሮጥኩት። 18 ኪሎዳልተን አካባቢ ቆመ። አልተቆረጠም ማለት ነው? የግድ አይደለም። እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ጄል ላይ ስለሚያዘግሙ ከክብደታቸው በላይ መስለው ይታያሉ። ያን ሁሉ ለፍቼ ጄሉ ምንም አልነገረኝም። እንደገና ወደ ውጭ፣ ክብደትን በትክክል ለሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትሪ። 143 ሆነ።

ይህን የሚከላከል መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜተድስ ላይ ወጥቷል፤ ማያዴ (MIADE) ይባላል፤ ስሙ «ዝቅተኛ መረጃ» ብሎ ይጀምራል። የለካችሁትን ትክክለኛ ቅደም ተከተል፣ ታጉንና ሚውቴሽኑን ጨምሮ፣ ከነሁኔታው ጻፉ ይላል። ዲስፕሮት የሚባለው የቅርጽ የለሽ ፕሮቲኖች የመረጃ ቋት ጽሑፎችን በሰው እያስነበበ ነው የሚሞላው፤ ያልጻፋችሁትን ማን ይገምትላችኋል?

የምከራከረው «ዝቅተኛ መረጃ» በሚለው ላይ ነው። ዝቅተኛው ለእኛ አይበቃም፤ ሁሉንም ጻፉ፣ ያውም ጽሑፍ ስታዘጋጁ ሳይሆን ያኔውኑ፣ ጓንት ሳታወልቁ። ናሙናው የሚሟሟበትን ፈሳሽ «በባፈር ውስጥ» ብላችሁም አትለፉ። እዚያ ውስጥ ያለ ክሎራይድ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ መጠኑን ካልነገራችሁ እዚያ ያለውን ኩርባ ማን ያምናል?

አሁን ቅደም ተከተሉን በሙሉ በእርሳስ ጽፌ ቱቦው ላይ እጠመጥመዋለሁ። ቁልፍ ያዡ አባት ባለፈው አንዱን ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ክታብ ነው እንዴ?»