የአንድ አምፖልን ሬዚስታንስና ፓወር ከቮልቴጅና ከከረንት እንዴት እንዳሰላሁ

ቮልቴጅ (ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት) ለከረንት (ለኤሌክትሪኩ ፍሰት) ሲካፈል ሬዚስታንስን (ዕቃው ለፍሰቱ ያለውን ተቃውሞ)፣ በከረንት ሲባዛ ደግሞ ፓወርን (በየሰከንዱ የሚፈጀውን ጉልበት) እንደሚሰጥ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቅ ነበር። በገዛ እጄ የፈተንኩት ግን ብዙ ቆይቼ፣ «12 ቮልት፣ 21 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት የመኪና አምፖል ጠረጴዛዬ ላይ ባስቀመጥኩ ጊዜ ነው። የነበሩኝ መሣሪያዎች ባለ12 ቮልት ባትሪ፣ መስመሩ ላይ የገባ ፊውዝ፣ ጥቂት ሽቦዎችና ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን የሚለኩ ሁለት መልቲሜትሮች ናቸው።

መጀመሪያ ቀላል የመሰለኝን መንገድ ያዝኩ። መልቲሜትሩን የሬዚስታንስ መለኪያ ወደ ሆነው ኦም አዙሬ አምፖሉን ስለካው 0.8 አሳየ። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸው ግን ብቻቸውን 0.3 ስላሳዩ፣ የአምፖሉ ድርሻ 0.5 ኦም ብቻ ሆነ። 12ን ለ0.5 ሳካፍል 24 አምፔር፣ ይህን መልሼ በ12 ሳባዛ 288 ዋት አገኘሁ፤ አምፖሉ ላይ ከተጻፈው ወደ 14 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም። የአምፖሉ ክር ከተንግስተን የተሠራ ሲሆን፣ የተንግስተን ሬዚስታንስ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር አብሮ ይጨምራል። እኔ የለካሁት የቀዘቀዘውን ክር ነበር፤ ሲበራ ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚግለው ክር ግን ፈጽሞ ሌላ ሬዚስታንስ አለው። ስለዚህ የበራውን አምፖል ሬዚስታንስ ለማወቅ፣ አምፖሉ እየበራ ሳለ ቮልቴጁንና ከረንቱን በአንድ ጊዜ መለካት ነበረብኝ።

አንዱን መልቲሜትር ከረንቱ በውስጡ እንዲያልፍ መስመሩን ቆርጬ አስገባሁት፤ በሌላው የባትሪውን ጫፎች ለካሁ። 1.70 አምፔርና 12.4 ቮልት ተነበበ። ስሌቱ 7.29 ኦምና 21.08 ዋት ሰጠኝ። ከጽሑፉ ጋር ይህን ያህል መግጠሙ አስደሰተኝና ሥራውን እንደጨረስኩ ቆጠርኩ።

ሆኖም ሁለተኛውን መልቲሜትር ከባትሪው አንስቼ በአምፖሉ ጫፎች ላይ ሳሳርፈው 11.6 ቮልት ብቻ አነበብኩ። ትክክለኛው የአምፖሉ ሬዚስታንስ እንግዲህ 6.82 ኦም፣ ፓወሩም 19.72 ዋት ነው፤ ያ ያስደሰተኝ መግጠም አጋጣሚ ብቻ ነበር። የጎደለው 0.8 ቮልት በ1.70 አምፔር ሲባዛ 1.36 ዋት ይሆናል፤ ይህም አምፖሉ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወደ ሙቀት የተለወጠ ነው። የት እንደሚጠፋ ለማወቅ መስመሩን ክፍል በክፍል ለካሁ። በሁለቱ ሽቦዎች ላይ 0.12 እና 0.12 ቮልት፣ በከረንት መለኪያውና በገመዶቹ ላይ 0.20 ቮልት፣ ዝገት በያዘው አንድ መቆንጠጫ ላይ ደግሞ ብቻውን 0.36 ቮልት አገኘሁ። መቆንጠጫው በጣት ሲነካ ሞቅ ይል ነበር። ዝገቱን ፍቄ እንደገና ስለካ በአምፖሉ ላይ 11.9 ቮልትና 1.72 አምፔር፣ ማለትም 6.92 ኦምና 20.47 ዋት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቮልቴጅን የምለካው ሬዚስታንሱን በምፈልገው ዕቃ ጫፎች ላይ ብቻ ነው። የቮልቴጅን ካሬ ለሬዚስታንስ በማካፈል ፓወርን ለሚያሰላ ሰው ጥንቃቄው የበለጠ ያስፈልገዋል፤ የቮልቴጁ ስህተት በካሬው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባልና። የባትሪውን 12.4 ወስጄ በ6.82 ኦም ባሰላ ኖሮ 22.55 ዋት እል ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ፊውዝ አቃጥያለሁ። ከረንት ስለካ የቆየሁበትን ገመድ ከ10 አምፔሩ ቀዳዳ ሳላወጣ ጫፎቹን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሳረፍኩ። ከረንት መለኪያ የራሱ ሬዚስታንስ ለዜሮ የቀረበ ስለሆነ ባትሪውን በሽቦ እንደማገናኘት ነበር፤ የተቃጠለው የመልቲሜትሩ የውስጥ ፊውዝ በመሆኑ ከባሰ ጉዳት ተርፌያለሁ። አሁን ከረንት ለክቼ እንደጨረስኩ ከሁሉ በፊት ገመዱን ወደ ቮልት ቀዳዳ እመልሳለሁ። እንዲህ ያለውን ልምምድ በባትሪ እንጂ በግድግዳ ሶኬት መብራት መጀመር እንደማይገባም ያሳመነኝ ይኸው ነው።

የቀዝቃዛው ክር 0.5 ኦም ግን ከሐሳቤ አልጠፋም ነበር፤ 0.1 ኦም ብቻ የሚለይ መለኪያ ለ0.5 የሚሰጠው መልስ ከ0.4 እስከ 0.6 ሊሆን ይችላልና። ክሩን በማያግል ትንሽ ከረንት ለመለካት ስል ከአምፖሉ ጋር ባለ100 ኦም ሬዚስተር (ከረንቱን የሚገድብ ዕቃ) በተከታታይ አስገባሁ። ሬዚስተሩ ሩብ ዋት የሚችል ትንሽ ነበር፤ ወዲያው ጠቆረና ጨሰ። ወደ 0.123 አምፔር ገደማ በሚያልፍበት ጊዜ የከረንቱ ካሬ በ100 ሲባዛ 1.5 ዋት ያህል ይደርሳል፤ ከአቅሙ ስድስት እጥፍ ነው። ፓወሩን ሬዚስተሩን ከማገናኘቴ በፊት አስልቼው ቢሆን ኖሮ አይቃጠልም ነበር። በ5 ዋት ሬዚስተር ተክቼው ስለካ በመለኪያዎቹ ላይ 123 ሚሊአምፔርና፣ በአምፖሉ ጫፎች ላይ 64 ሚሊቮልት ተነበበ።

እዚህም መጀመሪያ 0.064ን ለ123 አካፍዬ 0.00052 የሚል ትርጉም የለሽ ቁጥር አግኝቼ ነበር፤ አንዱን ወደ ቮልት ስለውጥ ሌላውን በሚሊአምፔር ትቼው ነበርና። ሁለቱም በሚሊ ከሆኑ እንዳሉ ቢካፈሉ መልሱ በኦም ይወጣል፤ ቮልት ለሚሊአምፔር ሲካፈል ግን መልሱ በኪሎኦም ነው። 64 ለ123 ሲካፈል 0.52 ኦም ይሆናል። በበራው አምፖል ላይ ካገኘሁት 6.92 ኦም ጋር ሳነጻጽረው፣ ያው አንድ ክር ሲግል ሬዚስታንሱ 13 እጥፍ ያህል ያድጋል።