ፍራሼን ኮምቦልቻ ያወረደችው ብርማ ነገር

ደሴ ላይ ክረምት ያሳለፈ ሰው ይፈርድልኛል። ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተሰቅለን፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይማ ጨው ራሱ ዕቃው ውስጥ ያለቅሳል። የተከራየሁት ሰርቪስ ደግሞ ዳገት ተደግፎ የተሠራ ስለሆነ የኋላው ግድግዳ እንደታመመ ሰው ያልበዋል። አከራዬ እማማ "ቀዝቃዛ ቤት ለጤና ጥሩ ነው፣ አብሽር" ብለው ነው ያስገቡኝ፤ የማን ጤና እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልኬ ባትሪ ዲግሪዬን ያስቀመጥኩበትን ሻንጣ ስከፍት አንዲት ብርማ ነገር ሸርተት አለች። ክንፍ የላትም፣ እንደ ዓሣ እየተጥመለመለች ነው የምትሮጠው፣ ከኋላዋ ሦስት ክር የመሰለ ጅራት። በጣቴ ጫን አልኳትና ቀስ ብዬ ሳነሳ ጣቴ ላይ የቀረው የብር ዱቄት ብቻ፣ እሷ የለችም! ዲግሪውን ባየው ጠርዙን ፍቃ ፍቃ አሳስታዋለች፣ ማህተሙ ጋ ልትደርስ ሁለት ጣት ቀርቷታል። እኔ አራት ዓመት የለፋሁበትን እሷ በአንድ ክረምት ልትጨርሰው።

ከዚያማ ጦርነት ታወጀ። ወለሉን ጠዋትና ማታ በውሃና በበረኪና አጥባለሁ፣ ከውጭ እንዳይገቡ ብዬ መስኮቱን ጥርቅም፣ ውጭ ዝናብ ስለሆነ ልብሴን ቤት ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። ባሰባቸው። ጭራሽ የሻወሩ ፍሳሽ ጋ ፀጉራም ትንንሽ ዝንቦች ተጨመሩ።

ባዮሎጂ አስተማሪ የሆነ ጓደኛዬ መጥቶ ዙሪያውን አየና ሳቁን ለቀቀው። "አንተ እኮ እያባረርካቸው አይደለም፣ እያረባሃቸው ነው!" ብርማዋ ተባይ፣ ሲልቨርፊሽ የሚሏት፣ የሚመቻት አየሩ ከ75 በመቶ በላይ እርጥበት ሲይዝ ነው፣ ምግቧ ወረቀት፣ ሙጫና ዱቄት ነገር። ዝንቦቹም የሚፈለፈሉት ቱቦው ውስጥ የተጋገረው አተላ ላይ ስለሆነ አተላውን በብሩሽ ፈትገህ ካላወጣህ በረኪና ከላይ ብታንቆረቁር ዋጋ የለውም አለኝ። "መስኮት ክፈት፣ ልብሱን አውጣ፣ ዕቃህን ከግድግዳ አርቅ።" መድኃኒት ስጠይቀው መስኮት ክፈት! ለዚህ ነው ምሳ የጋበዝኩት?

እማማን ባማክራቸው "ጥንጁት አጥናቸው" አሉኝ። ያው እንስራ የሚታጠንበት ነው፣ እሳቸው ትንሽ ጨበጥ አርገህ ማለታቸው ነበር፣ እኔ ግን ሰኞ ገበያ ወርጄ አንድ እስር ሙሉ ገዛሁና ከሰሉ ላይ ከመርኩት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ስለነበር ሄድኩ። ቶና ላይ ደርሰን "እሳት! እሳት!" የሚል ጩኸት። ሁሉም ተነሳ፣ እኔም ስኒዬን ጥዬ አንድ ጆግ ውሃ አፈፍ አርጌ ሮጥኩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚጨሰው የኔ ቤት መሆኑ የገባኝ። "እሳት አይደለም፣ ጥንጁት ነው!" ብል ማን ይስማኝ፣ በሩ ተገንጥሏል። የሰፈራችን ሰው ለጎረቤት ሲደርስ ወላሂ አይሰስትም፦ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ አንዷማ የልብስ እጣቢዋን ከነአረፋው አልጋዬ ላይ ለቀቀችው።

ጢሱ ጠፋ። ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ የራሰ ስፖንጅ ፍራሽ ግን አይደርቅም፣ አምስት ቀን ጠበቅኩት፣ በስድስተኛው መሽተት ጀመረ። ምን ላድርግ፣ ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጫንኩትና ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ እህቴ ጋ፣ እዛ ፀሐይ አለ። ረዳቱ "ለፍራሹም የሰው ሂሳብ ነው" አለኝ፣ ተከራክሬው ተከራክሬው ከፈልኩ። ፍራሹ ብቻውን እንዳይሄድ ዲግሪዬንና መጽሐፎቼንም እህቴ ጋ አስቀመጥኳቸው፣ ለጥንቃቄ።

በሳምንቱ ስልክ ደወለች።

"ወንድም ጋሼ፣ የሠርግ አልበሜ ውስጥ ምን የመሰለች ብርማ ነገር አየሁ መሰለህ፣ ስትሮጥ ዓሣ ነው የምትመስለው..."

"አብሽሪ" አልኳት፣ "መስኮት ክፈቺ።"