አረፋው ከደሙ ነበር

ጅማ ዙሪያ ካሉ የወተት ላሞች ናሙና ወስጄ፣ የጡት በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙ አወዳድር ነበር።

ናሙናው የሚወሰደው ላሟ ሳትታለብ ነው። የጡቱን ጫፍ በ70% አልኮል እጠርጋለሁ። የመጀመሪያውን ወተት ደፍቼ ቀጣዩን በንጹሕ ብልቃጥ እቀበላለሁ። ከዚያ ብለድ አጋር (ደም የተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማብቀያ) ላይ ዘርቼ 37 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አቆየዋለሁ።

በሽታውን ከሚያመጡት ሁለቱን፣ ስታፊሎኮከስንና ስትሬፕቶኮከስን፣ የምለይበት ካታላዝ የሚባል ኢንዛይም ነበር። ስታፊሎኮከስ ኦክስጅን ሲያገኝ ይተነፍሳል፣ ሲያጣም ያብላላል። መተንፈስ የሚያመጣበትን መርዝ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን፣ በካታላዝ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰብረዋል። ስትሬፕቶኮከስ ግን ካታላዝ የለውም፤ ስኳር አብላልቶ ላክቲክ አሲድ እያወጣ ይኖራል። ስለዚህ 3% ፐርኦክሳይድ ሲነካቸው አንዱ አረፋ ያወጣል፣ ሌላው ዝም ይላል።

የኔዎቹ ሁሉም አረፋ አወጡ። «ሁሉም ስታፍ» ብዬ መዘገብኩ። ይባስ ብዬ ጅሬን አካባቢ ላሉ አንዲት እናት የላማቸው በሽታ በቀላሉ የማይድን ዓይነት መሆኑን ነገርኳቸው። ከስታፍ ዓይነቶች አንዱ፣ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ፣ ጡት ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፤ ብዙ ጊዜ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይምም አለው።

በማግስቱ ባክቴሪያ የሚለይበትን የግራም ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳይ ደነገጥኩ። ሦስቱ እንደ ስታፍ በወይን ዘለላ መልክ አልተከማቹም፤ እንደ ስትሬፕቶኮከስ በመቁጠሪያ መልክ ተሰድረዋል። ከሦስቱ አንዱ የጅሬኗ እናት ላም ናሙና ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ቴክኒሻን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ከየትኛው ሰሃን ነው ያነሳኸው?» ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቀይ የደም ሴል ራሱ ካታላዝ አለው። ኮሎኒውን (የበቀለውን የባክቴሪያ ክምር) ስጭር ከሥሩ ያለውን ደም አብሬ አንስቻለሁ። ምንም ያልበቀለበት ብለድ አጋር ላይ ፐርኦክሳይድ ጠብ ሳደርግ ያው አረፋ መጣ። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። በእንጨት ስንጥር የኮሎኒውን አናት ብቻ ነክቼ ደገምኩ። ሦስቱ ዝም አሉ።

የቀሩትን ማኒቶል ሶልት አጋር በሚባል፣ ጨውና ማኒቶል (ስኳር መሰል ንጥረ ነገር) ባለበት ማብቀያ ላይ ዘራኋቸው። 7.5% ጨው ስላለው ብዙ ባክቴሪያ አይችለውም። ኦውሬስ ማኒቶሉን አብላልቶ ማብቀያውን ቢጫ ያደርገዋል። ግን ቢጫ ያደረገ ሁሉ ኦውሬስ አይደለም፤ ኮአጉሌዝ የሚባለውን፣ ባክቴሪያው የደም ፕላዝማ ማርጋቱን የሚያሳይ ምርመራ ሳልሠራ አልፈርድም።

በዝናብ ወደ ጅሬን ወጣሁ። «ልጄ፣ አይድንም ስትለኝ እኮ ገዢ እያፈላለግኩ ነበር» አሉኝ። ላሟ አልተሸጠችም። ስህተቱ የኔ መሆኑን፣ ይሄኛው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ በፔኒሲሊን እንደሚታከም ነገርኳቸው። ውጤቱንም የዚያኑ ዕለት ለሚያክማት የእንስሳት ሐኪም ሰጠሁ።